«ልጄን ለማስተኛት በየምሽቱ ሁለት ሰዓት እታገላለሁ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅና የስምንት ወር ሴት ልጅ አለኝ። ትልቁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ አልጋ አስገባዋለሁ፤ እንቅልፍ የሚወስደው ግን 4 ሰዓት ላይ ነው። በመሀል ውኃ ይላል፣ ሽንቴ መጣ ይላል፣ ሌላ ተረት ይላል። አጠገቡ ካልተጋደምኩ አይሆንም። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ደግሞ ተነሥቶ ወደ አልጋችን ይመጣል። ሥራ ስላለብኝ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እቀሰቅሰዋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይተኛል። ቀን ሞግዚቷ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ታስተኛዋለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ በተኛ በአንድ ሰዓቱ ዓይኑን ገልጦ ይጮኻል፤ ባቅፈውም የሚያውቀኝ አይመስልም። ባለቤቴ «አሞላቀቅሽው፤ ቆጣ ብትዪ ይተኛል» ይለኛል። እኔም መቆጣት ጀምሬያለሁ፤ ከዚያ ብቻዬን ሆኜ አለቅሳለሁ። የሚያስተኛ ሽሮፕ ካለ ቢነግሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ሽሮፑ በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የጻፍሽልኝን ሰዓቶች ወረቀት ላይ አስቀምጬ ደመርኳቸው። የችግሩ ትልቁ ክፍል እዚያው ላይ ታየኝ።

ልጅሽ በሥራ ቀን ማታ ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ይተኛል። የቀኑ ሁለት ሰዓት ሲጨመር በድምሩ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ስለሚያረፍድ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል። ሳምንቱን ደምረሽ ለሰባት ብታካፍዪው በቀን አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይመጣል። ሰውነቱ የሚፈልገው እንቅልፍ ይህን ያህል ነው ብዬ እገምታለሁ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው። በሳምንቱ ድምር ካየነው ልጅሽ ምንም አልጎደለውም፤ የሥራ ቀኖቹ እንቅልፍ ብቻ ትንሽ ያንሳል።

አሁን ደግሞ አንቺ የምትጠይቂውን እንደምር። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ በዚያ ላይ የቀኑ ሁለት ሰዓት። ድምሩ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አሥራ አንድ የሚበቃውን ልጅ በየቀኑ አሥራ ሁለት ተኩል ተኛ እያልሽው ነው። የተረፈው ጊዜ የት ይሂድ? አልጋ ላይ በመገላበጥ፣ ውኃ በመጠየቅና ከአንቺ ጋር በመታገል ያልቃል።

ይህን ባለቤትሽም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ልጁ እያመፀ አይደለም፤ አንቺም አላሞላቀቅሽውም። ልጅ አልጋህ ውስጥ ግባ ሲባል ሊታዘዝ ይችላል። ጋደም በል፣ ድምፅህን ቀንስ ሲባልም እንደዚያው። ተኛ ሲባል ግን መታዘዝ በእጁ አይደለም። አዋቂም ቢሆን በትእዛዝ አይተኛም። እኛ የምንችለው እንቅልፉ የሚመጣበትን ሰዓት ማስተካከልና እስኪመጣ ድረስ ቤቱን ማረጋጋት ነው። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው።

እንቅልፍ የሚመጣው ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። አንደኛው ድካም ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስንተኛ ይጠረጋል። ልጅሽ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከሁለት ሰዓት እንቅልፍ ሲነሣ የተጠራቀመው አብዛኛው ተጠርጓል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አልጋ ሲገባ ነቅቶ የቆየው አራት ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች ከቀን እንቅልፍ ተነሥተው እንደገና ለመተኛት አምስትና ስድስት ሰዓት ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በብርሃንና በጨለማ ይመራል። ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባለውን ሆርሞን እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ያኔ ሰውነት ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። ሰው ከለመደው የመኝታ ሰዓት በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት ውስጥ ሰውነቱ ይበልጥ ይነቃል። የልጅሽ አካል የለመደው 4 ሰዓት ላይ መተኛትን ነው። ስለዚህ 2 ሰዓት ላይ አልጋ ስታስገቢው ቀኑን ሙሉ ካለው ሁሉ በላይ የሚነቃበት ሰዓት ላይ ነው። አልጋ ላይ ሲዘል፣ ሲስቅ፣ ጥያቄ ሲያዥጎደጉድ የምታዪው ለዚህ ነው። የምትቆጪውም በዚሁ ሰዓት ነው፤ ቁጣ ደግሞ ልቡን ያስመታዋል፣ ያነቃዋል። አንዳንዴ ከቁጣ በኋላ ዝም ይላል። ዝም ማለቱን እንቅልፍ አድርገን እንወስደዋለን እንጂ ዓይኑ ጨለማው ውስጥ ፍጥጥ እንዳለ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከቀኑ እንቅልፍ ጀምሪ። በአንድ ቀን አታስቀሪው። እንዲያ ካደረግሽ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ያንቀላፋል፤ ማታው ጭራሽ ይበላሻል። ሞግዚቷ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩብ ሰዓት ቀደም አድርጋ ትቀስቅሰው። መጨረሻ ላይ 45 ደቂቃ ያህል ተኝቶ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲነሣ ነው የምንፈልገው። ይህን ስታስረጂያት ምክንያቱን ጭምር ንገሪያት። ልጅ ተኝቶ ሳለ መቀስቀስ ለማንም ከባድ ነው፤ ለእሷም ያ ሁለት ሰዓት ሕፃኗን የምትይዝበትና ትንሽ የምታርፍበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ልጁ መተኛቱ ቢቀር እንኳ በዚያ ሰዓት ጋደም ብሎ መጽሐፍ የሚያገላብጥበት፣ ብቻውን በጸጥታ የሚጫወትበት ጊዜ ይኑረው። ብዙ ልጆች ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ የቀን እንቅልፍን እስከነጭራሹ ይተዉታል፤ የእሱም ጊዜ ቅርብ ነው።

ቀጥሎ የማታውን ሰዓት አስተካክዪ። ይህኛው መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ለጊዜው ዘግይተሽ አስተኚው። በእርግጥ የሚተኛው 4 ሰዓት ላይ ከሆነ ለጥቂት ቀናት አልጋ የሚገባው 3 ሰዓት ከ45 ላይ ይሁን። እንግዲህ አልጋ ገብቶ በሩብ ሰዓት ወይም በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። አልጋው የትግል ቦታ መሆኑን እንዲረሳ የሚያደርገው ይህ ነው። ሁለት ሦስት ሌሊት እንዲህ በቀላሉ ከተኛ ሩብ ሰዓት ቀደም አድርገሽ አስገቢው። ከዚያ እንደገና ሩብ ሰዓት። የቀኑ እንቅልፍ እያጠረ፣ የማታው እየቀደመ፣ በሁለት ተኩል አካባቢ ይገናኛሉ። ይህ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ቶሎ ቶሎ ለመሳብ አትቸኩዪ፤ አንድ ምሽት ካልተሳካ ወደ ነበረበት መልሰሽ ሁለት ቀን ቆይተሽ ሞክሪ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጠዋት የሚነሣበት ሰዓት ካልተናጋ ነው። ቅዳሜና እሑድ እስከ 2 ሰዓት ተኩል መተኛቱ ለእናንተ ዕረፍት እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያረፈደ ልጅ እሑድ ማታ በሰዓቱ አይተኛም፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ እያለቀሰ ይነሣል። ሰዓቱ እስኪስተካከል ድረስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አታሳልፉት። አንዱ ቅዳሜ አንዱ እሑድ ቢነሣለት ሁለታችሁም አንድ አንድ ጠዋት ታርፋላችሁ። እንደተነሣ መጋረጃውን ክፈቱለት፣ ወደ ውጭ ይውጣ። የጠዋት ብርሃን የሰውነቱን ሰዓት ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ማታ እንቅልፉ ቀደም ብሎ ይመጣል።

የማታ ብርሃን ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ ትንንሽ ልጆችን በተለይ ይጎዳል። የዓይናቸው ብሌን ሰፊ፣ የዓይናቸው ሌንስም ከእኛ የጠራ ስለሆነ ብዙ ብርሃን ይገባል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ትንሽ ጥናት አለ። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 10 ልጆችን ከመኝታ በፊት ለአንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን አጠገብ አጫወቷቸው። ሜላቶኒናቸው በ88 በመቶ ቀነሰ፤ ብርሃኑ ከጠፋ ከ50 ደቂቃ በኋላም በአብዛኞቹ ላይ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ስለዚህ ከመኝታ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ የጣሪያው መብራት ይጥፋና ትንሽ መብራት ይብራ። ስልክና ታብሌት ይቀመጥ። ስልኩን ሲነጠቅ የሚያለቅስ ከሆነ በጨዋታው መሀል አትንጠቂው፤ የያዘው ነገር ሲያልቅ አብራችሁ አጥፉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት በየቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን። መታጠብ፣ ጥርስ መቦረሽ፣ ሽንት ቤት፣ ሁለት ተረት፣ መሳም፣ መብራት ማጥፋት። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ። ሦስት ዓመት ተኩል የሆነ ልጅ ሰዓት ማንበብ አይችልም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የሚያውቀው በቅደም ተከተሉ ነው። የትኛው ፒጃማ፣ የትኛው ተረት የሚለውን እሱ ይምረጥ። ስንት ተረት የሚለውን አንቺ ነሽ የምትወስኚው። እ.ኤ.አ. በ2009 በ405 እናቶችና ትንንሽ ልጆቻቸው ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። በየምሽቱ አንድ ዓይነት የመኝታ ሥርዓት የተከተሉት ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፋቸው ተሻሽሏል። ይህን ጥናት የምወደው ስለ እናቶቹም ስለሚናገር ነው። ድካማቸው፣ ንዴታቸው፣ የስሜታቸው መረበሽ ቀንሷል።

ወደ ውኃውና ወደ «ሌላ ተረት» እንምጣ። ውኃውንም ሽንት ቤቱንም ቀድመሽ በሥርዓቱ ውስጥ ጨርሺው። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጥያቄ አንድ ካርድ ስጪው። ከካርቶን ቁረጪና እሱ ራሱ ቀለም ይቀባው። ካርዱ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ያገለግላል፤ አንድ ጊዜ ውኃ ወይም አንድ ጊዜ ማቀፍ። ሲጠቀምበት ካርዱን ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ከአልጋው ቢወጣ እጁን ይዘሽ፣ ሳትቆጪ፣ ሳትከራከሪ ትመልሺዋለሽ። ካርዱን ሳይጠቀምበት ካደረ ጠዋት በትንሽ ነገር ይቀይረዋል፤ ለምሳሌ የሚወደውን ጨዋታ ከአንቺ ጋር ይጫወታል። ዘዴው መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በ2007 ደግሞ ከ3 እስከ 6 ዓመት በሆኑ 19 ልጆች ላይ ተፈትኖ ውጤት አሳይቷል። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል። ልጁ የመጥራት መብት በእጁ እንዳለ ሲያውቅ ይረጋጋል፤ ብዙዎቹ ካርዱን ይዘው ይተኛሉ። አንድ ነገር ግን ጠብቂ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥያቄው ሊብስ ይችላል። ድሮ የሠራው ነገር አሁን ለምን እንዳልሠራ እየሞከረ ነው። በሦስተኛው ቀን ተሸንፈሽ አምስት ተረት ካነበብሽለት ጠንክሮ መሞከር እንደሚያዋጣ ይማራል።

አጠገቡ ካልተጋደምሽ የማይተኛውና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚመጣው በአንድ ምክንያት ነው። እንቅልፍ በዙር የሚሄድ ነገር ነው። አዋቂ ላይ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ትንንሽ ልጆች ላይ ያጥራል። በዙሮቹ መሀል ሁላችንም ለአፍታ እንነቃለን። ነገሩ ሁሉ እንደነበረ ከሆነ ሳናስታውሰው ተመልሰን እንተኛለን። ልጅሽ ግን ሲተኛ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ፤ ሲነቃ የለሽም። ስለዚህ ሊፈልግሽ ይነሣል። መፍትሔው ማታ ሲተኛ ከአንቺ ትንሽ በትንሹ እንዲለይ ማድረግ ነው። ለጥቂት ቀን ከመጋደም ይልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጪ። ከዚያ ወንበር ላይ። ከዚያ ወንበሩ በሩ አጠገብ ይሁን። በኋላ ደግሞ «ሕፃኗን አይቼ እመጣለሁ» ብለሽ ውጪና ሳይጠራሽ ተመለሺ። ሳይጠራሽ መመለስሽ ዋና ነገር ነው። እመጣለሁ ብለሽው የምትመጪ ከሆነ ተነሥቶ የሚያጣራበት ምክንያት አይኖርም። ይህን የምትጀምሪው ግን ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ይሁን። እንቅልፍ ያልመጣበትን ልጅ ጥሎ መውጣት ለሁለታችሁም ስቃይ ነው።

አብሮ መተኛት ለእናንተ የሚመች ከሆነ ግን የሦስት ዓመት ልጅ ወላጆቹ አልጋ ላይ መተኛቱ ጉዳት የለውም። አጥብቄ የምጠይቅሽ ስለ ትንሿ ነው። ሕፃኗ እናንተ አልጋ ላይ የምትተኛ ከሆነ ወንድሟ በሌሊት መጥቶ አጠገቧ መተኛት የለበትም። ዓመት ያልሞላት ሕፃን በጀርባዋ፣ ጠንካራና ዝርግ በሆነ የራሷ መኝታ ላይ፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ሳይኖር ነው መተኛት ያለባት። ይህን ነገ ሳይሆን ዛሬ አስተካክሉት።

ስለ እህቱ ካነሣሁ ሌላም ነገር አለ። ከስምንት ወር በፊት እናቱ የእሱ ብቻ ነበረች። አሁን ቀን ሥራ ላይ ነሽ፤ ስትመጪ ሕፃኗ ጡት ትፈልጋለች። አጠገቡ ተጋድመሽ የምታሳልፊው ያ ሁለት ሰዓት ምናልባት በቀን ውስጥ አንቺን ለብቻው የሚያገኝበት ብቸኛ ጊዜ ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን አልተኛም። ስለዚህ ያንን ጊዜ ቀደም አድርገሽ ስጪው። ከሥራ ስትመጪ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሕፃኗን አባቷ ይያዛት፣ ስልክሽ ይቀመጥ፣ እሱ የመረጠውን ጨዋታ ተጫወቺ። አታስተምሪው፣ አታርሚው። በየቀኑ ይሁን፤ ያጠፋ ቀንም አይቅር።

ለባለቤትሽም ሥራ አለኝ። በሳምንት ጥቂት ምሽት እሱ ያስተኛው፤ ያንኑ ቅደም ተከተል ይዞ፣ ያንኑ ካርድ ይዞ። መጀመሪያ «እማዬን» ብሎ ያለቅሳል። አባትየው ተረጋግቶ አብሮት ከቆየ ያልፋል። «ቆጣ በዪ» የሚለው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም፤ አንቺ ስትደክሚ እያየ ቶሎ የሚሠራ ነገር ፈልጎ ነው። ያንን ድካም ሲካፈልሽ ምክሩም ይለወጣል።

በእንቅልፉ የሚጮኸው ነገር ቅዠት አይደለም። ቅዠት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ወደ ንጋት ነው፤ ልጁ ነቅቶ ያየውን ነገር ይናገራል፣ ማባበልም ይሠራለታል። የአንቺ ልጅ የሚጮኸው በተኛ በአንድ ሰዓቱ፣ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ እያለ ነው። ዓይኑ ይከፈታል፣ አንጎሉ ግን አልነቃም። ጠዋት አያስታውሰውም። አታነቃንቂው፣ ለመቀስቀስ አትሞክሪ። ከአልጋው እንዳይወድቅ ጠብቂው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ነገር እንቅልፍ በጎደለው ልጅ ላይ ይበረታል። የሥራ ቀኖቹ እንቅልፍ ሲሞላ ይቀንሳል ብዬ እጠብቃለሁ።

ሽሮፑን አልሰጥሽም። ሰዎች ለልጅ እንቅልፍ ብለው የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ የአለርጂና የጉንፋን ሽሮፕ ነው። ለዚህ ተብሎ አልተሠራም፤ መጠኑ ከበዛ ይጎዳል፤ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቁነጠንጠዋል። ሜላቶኒንም ቢሆን ልጁን ያየ ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም። የልጅሽ ችግር የሰዓት ስለሆነ መድኃኒት አያስፈልገውም።

አለቅሳለሁ ያልሽውን አላለፍኩትም። እንቅልፍ አጥቶ ሁለት ልጅ ማሳደግ ማንንም ያስለቅሳል። ነገር ግን ሐዘኑ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ፣ በልጆችሽም ደስታ ያሳጣሽ ከሆነ ሐኪም አማክሪ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት በመጀመሪያው ዓመት በማንኛውም ወር ሊጀምር ይችላል፤ ሕክምናም አለው። ራስሽን ወይም ልጆችሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሳታድሪ ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ወደ ሕክምናም ሂጂ።

ልጁን ለሐኪም ማሳየት የሚያስፈልግባቸው ምልክቶችም አሉ። አብዛኛውን ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ በመሀል ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ኋላ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ዕጢ አብጦ አየር እየከለከለው ሊሆን ይችላል። አልጋ ሲገባ እግሬን እያለ የሚያማርር፣ እግሩን ማሳረፍ የሚያቅተው ከሆነ የብረት ማዕድን እጥረት ይኖርበት እንደሆነ በደም ምርመራ ይታያል። እነዚህ ባይኖሩም ሰዓቱን በትክክል ይዘሽ ሦስት አራት ሳምንት ከሄድሽ በኋላ ለውጥ ካላየሽ ውሰጂው። እስከዚያ በየቀኑ አልጋ የገባበትን፣ የተኛበትን፣ የነቃበትንና ቀን የተኛበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፊ። የሚያንኮራፋ ከሆነ ደግሞ ተኝቶ እያለ አንድ ሁለት ደቂቃ በስልክሽ ቅረጪው። ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ቀን፣ ነቅቶ ሳለ ስለሆነ ወረቀቱና ቪዲዮው ብዙ ያግዙታል።